ትራምፔቱ መዳፌን ለምን አረንጓዴ ያደርገዋል?

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ትራምፔት ከተለማመድኩ በኋላ ግራ መዳፌ አረንጓዴ ይሆናል። ሰሞኑን ደግሞ ከንፈሬን ያሳክከኝ ጀምሯል። ምን ይመክሩኛል?» ብለህ ለጻፍክልኝ ልጄ።

መዳፍህ አያስጨንቅህ። ትራምፔት ነሐስ ነው፤ ብዙ ጊዜ 70 በመቶው መዳብ፣ የቀረው ዚንክ። በላብህ ውስጥ ያለው ጨው መዳቡን ሲያገኘው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ እጅህ ላይ የሚቀረውም እሱ ነው፣ በሳሙና ይለቃል። አዲስ ትራምፔት እንዲህ አያደርግም፤ ቫርኒሹ ይከልለዋል። እስቲ መብራት ሥር አምጥተህ ፒስተኖቹ፣ ማለትም በጣት የምትጫናቸው፣ የሚገቡባቸውን ሦስቱን ቱቦዎች እያቸው። ግራ እጅህ የሚጨብጠው ቦታ ላይ ቫርኒሹ ተልጦ ታገኘዋለህ።

ከመንፋትህ በፊት ታጠብ፣ ስትጨርስ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረገው፣ እርጥቡን ጨርቅ ደግሞ ሻንጣው ውስጥ አትዝጋበት። ቆዳ የሚሰፋ ሰው ካወቅህ የምትጨብጠውን ቦታ የሚሸፍን ቆዳ አሰፋ፤ ግን በየሳምንቱ ፍታውና ሥሩን ጥረግ። ዓመት ሙሉ ሳይፈታ የቆየ ቆዳ ፈትቼ ነሐሱ ሮዝ ነጠብጣብ አውጥቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ዚንኩ ተበልቶ መዳቡ ብቻ ሲቀር ነው እንደዚያ የሚሆነው፣ የፈለግከውን ያህል ብትወለውለው አይመለስም። በሎሚና በጨው ማሸት ወይም በድስት ሽቦ መፈተግ ደግሞ በጭራሽ! የተረፈችውን ቫርኒሽም ይገፋታል።

እኔን ያሳሰበኝ ከንፈርህ ነው። ማሳከክ ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ጣጣው ኒኬል ከሚባለው ብረት ይመጣል። ማውዝፒስህ፣ ማለትም አፍህን አስጠግተህ የምትነፋበት ጫፍ፣ በብር የተነከረ ከሆነ ከንፈርህ የሚያርፍበትን ጠርዝ በደንብ እየው፤ ቢጫ ብቅ ካለ ብሩ አልቋል። እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ሁሉ ደግሞ ብር አይደለም፣ በኒኬል የተነከረም አለ። ለጊዜው የፕላስቲክ ማውዝፒስ ገዝተህ ሁለት ሳምንት ንፋበት። ማሳከኩ ከተወህ ችግሩ ከብረቱ ነበር ማለት ነው፤ እዚያው ፕላስቲኩ ላይ ቆይ፣ አቅም ካለህ ደግሞ ጠርዙ በወርቅ የተነከረ ግዛ።

ከንፈርህ ከተሰነጠቀ ወይም ውሃ ከቋጠረ ግን መንፋቱን አቁመህ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። የቀበቶህ ዘለበት እምብርትህ አካባቢ አሳክኮህ የሚያውቅ ከሆነ እሱንም ንገረው፤ ኒኬል የማይስማማውን ሰው ብዙ ጊዜ እዚያም ጋ ያሳክከዋል።