ታይታኒየም፣ ሴራሚክ፣ «ወታደራዊ ደረጃ»፦ የስልክ ኩባንያዎችን ቃል እስከ የት ማመን ይቻላል?

ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይህ ነው፦ የያዘው ስልክ ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ተሰብሮበታል፤ አሁን የታይታኒየም ፍሬምና «እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ የጠነከረ» የተባለ መስታወት ያለው ስልክ ሊገዛ አስቧል። ኩባንያዎቹ የሚሉትን ማመን ይቻላል ወይ? ከገዛውስ በኋላ ከቨርና ፕሮቴክተር ያስፈልገዋል ወይ? የመለሱለት ሰዎች ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ሁሉም ውሸት ነው፣ የምትከፍለው ለስሙ ነው» ሲል ገሚሱ «እኔ ያለ ከቨር ነው የምይዘው፣ ስንቴ ወድቆ ምንም አልሆነም» ይላል።

እኔ የምተዳደረው በስልክ ጥገና ነው፤ ስለዚህ ረዘም ብል አትፍረዱብኝ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ስንቴ ወድቆ ምንም አልሆነም» የሚለው ምስክርነት ስለ ስልኩ ጥንካሬ ከሚነግረን ይልቅ ስለ አወዳደቁ የሚነግረን ይበዛል። ያው አንድ ሞዴል ከደረት ከፍታ በጀርባው ለጥ ብሎ ወድቆ ይተርፋል፤ ከወንበር ላይ ተንሸራቶ ማዕዘኑ ጠጠር ካገኘ ግን ያልቅለታል። «ሁሉም ውሸት ነው» የሚለውም አያስኬድም። እኔ እንደማየው ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙ የለም። የሚበዛው፣ የተናገሩት ቁጥር እውነት ሆኖ አንተ ያልጠየቅከውን ጥያቄ የሚመልስ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ መስታወቱን እንይ። አለመጫርና አለመሰበር ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አንዱን ስታሻሽል ሌላው ይጎዳብሃል። የዛሬ ስልኮች መስታወት በአብዛኛው የሚጠነክረው በኬሚካል ነው። 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በጋለ፣ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይነከራል። ከገጹ ላይ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ይወጡና ቦታቸውን ተለቅ ያሉ የፖታሲየም አዮኖች ይይዙታል። ጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጫጭኖቹ ተነሥተው ወፋፍራሞቹ እንደተቀመጡበት ማለት ነው፤ ሁሉም ይተፋፈጋል። ስንጥቅ ሊከፈት ሲል መጀመሪያ ይህን መተፋፈግ ማሸነፍ አለበት። ጎሪላ ግላስ የሚባለው የስልክ መስታወትና መሰሎቹ ጉልበታቸው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ያ የተጨናነቀ ሽፋን በጣም ስስ ነው። ዘልቆ የሚገባ ጭረት ካገኘው በዚያ ቦታ ላይ መከላከያው የለም ማለት ነው። መስታወት የሚሰበረው በሙሉ አካሉ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ገጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጉድለቶች በኩል መሆኑን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1921 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል፤ ዛሬም የሚሠራው ያው ሕግ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡ ደንበኞች በጣም የሚደጋግሙት ቅሬታ «እኮ ምንም አልወደቀም፣ ትንሽ ነገር ነካ ቢያደርገው ተሰነጠቀ» የሚል ነው። እውነታቸውን ነው። ስክሪኑን በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ስንጥቁ የሚነሣበት ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ የቆየች ጭረት ወይም ጠርዙ ላይ የተፈነቀለች ቅንጣት አገኛለሁ። ሥራው ቀደም ብሎ አልቆ ነበር፤ የመጨረሻዋ ንክኪ ሰበብ ብቻ ናት።

ጭረቱን የሚያመጣው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ቁልፍና ሳንቲም ይከስሳል። ከ1812 ጀምሮ የሚሠራበት የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ አለ፤ ከ1 እስከ 10 ማዕድናትን ማን ማንን ይጭራል በሚል ያሰልፋል። የስልክ መስታወት ባብዛኛው 6 ላይ መጫር ይጀምራል። ተራ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ነው። ቁልፍና ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወቱ ይለሰልሳሉ። ኪስህ ውስጥ ያለው አቧራ ነው ጠላትህ። መስታወት እስከሆነ ድረስ የትኛውም ስም ቢሰጠው አሸዋ ይጭረዋል፤ ሳፋየር 9 ስለሆነ ይቋቋማል፣ እሱ ግን ውድና ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ካሜራ መሸፈኛ ላይ ነው።

አሁን ማስታወቂያዎቹን እንያቸው። አፕል በ2020 አይፎን 12 ላይ ሴራሚክ ሺልድ ሲያወጣ «በመውደቅ 4 እጥፍ የተሻለ» አለ። ስለ መውደቅ ነው ያለው፤ ስለ ጭረት እንዲህ ያለ ቁጥር አልሰጠም። ስሙም ሴራሚክ ይበል እንጂ ነገሩ በውስጡ ጥቃቅን የሴራሚክ ክሪስታሎች እንዲያድጉ የተደረገ መስታወት ነው። ጎሪላ ግላስን የሚሠራው ኮርኒንግ ደግሞ በዚያው ዓመት ቪክተስ የተባለውን አዲስ መስታወቱን ሲያስተዋውቅ ሸካራ ጠንካራ ገጽ ላይ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ወድቆ እንደተረፈ ተናገረ። በ2022 ቪክተስ 2 ሲመጣ ርዕሱ ላይ የወጣው ቁጥር 1 ሜትር ሆነ። ወደ ኋላ የሄዱ ይመስላል አይደል? የተለወጠው ወለሉ ነው፤ አዲሱ ኮንክሪትን በሚመስል ገጽ ላይ የተለካ ነው፣ አስፋልትን በሚመስለው ላይ አሁንም 2 ሜትር ይላሉ። «እስከ» የምትለዋን ቃልም ልብ በል። ከሁሉ በላይ ፈተናው የሚደረገው ገና ከፋብሪካ በወጣ፣ ምንም ባልተጫረ መስታወት ላይ ነው። ያንተ ስልክ ስድስት ወር ኪስ ውስጥ ከከረመ በኋላ ያ መስታወት አይደለም።

ስለ ተጣጣፊ ስልኮች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ2020 የሳምሰንግ ጋላክሲ ዜድ ፍሊፕ ሲወጣ ስክሪኑ መስታወት ነው ተባለ፤ ግን በጥፍር እንኳ ይጫር ነበር። ዋሹ? አልዋሹም፤ ስስ መስታወቱ በእርግጥ ነበረ፣ ጣትህ የሚነካው ግን ከላዩ የተለጠፈውን ፕላስቲክ ነው።

ወደ ታይታኒየሙ ልምጣ። አንዳንዶቹ የሚጠቀሙት «5ኛ ደረጃ» የሚባለውን ቅይጥ ነው፤ ከታይታኒየሙ ጋር 6 በመቶ ገደማ አልሙኒየምና 4 በመቶ ገደማ ቫናዲየም አለበት። ጥሩ ብረት ነው፤ እንደ አልሙኒየም በቀላሉ አይቦረቦርም፣ ከስቲልም ይቀላል። ግን ፍሬሙ ስልኩን ይዞ የሚያቆም አጥንት ነው እንጂ ለስክሪኑ ጋሻ አይደለም። እኔ የታይታኒየም ፍሬሙ ምንም ሳይሆን ስክሪኑ የደቀቀ ስልክ እከፍታለሁ። እንደ ጠጋኝ የምወደው ግን አንድ ጥቅም አለው፦ የአልሙኒየም ማዕዘን ሲጨፈለቅ አዲሱ ስክሪን ቦታው ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ሳይስተካከል በግድ ከገባ ደግሞ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ራሱን ይሰብራል። ታይታኒየሙ እዚህ ላይ ሥራ ያቀልልኛል። ሙቀት በማስተላለፍ ግን ከአልሙኒየም በብዙ እጥፍ ያንሳል። አፕል በ2023 አይፎን 15 ፕሮ ላይ በታላቅ ማስታወቂያ ያስገባውን ታይታኒየም በ2025 አይፎን 17 ፕሮ ላይ ትቶ ወደ አልሙኒየም ተመልሷል፤ ሲመለስም ያሞገሰው የአልሙኒየሙን ሙቀት አስተላላፊነት ነው። ሁለቱም ጊዜ የተመረጠው ብረት «ምርጡ» ነበር።

ኩባንያዎች የሚያውቁትን ሁሉ አይነግሩንም የሚሉ ወንድሞችና እህቶች እዚህ ላይ ማስረጃ አላቸው። በ2014 አይፎን 6 ፕላስ ኪስ ውስጥ ይታጠፋል የሚል ጩኸት ሲነሣ አፕል ያመለከቱት ደንበኞች 9 ብቻ ናቸው ብሎ ነበር። በ2015 በወጣው 6ኤስ ላይ ጠንከር ወዳለው፣ «7000 ተከታታይ» ወደሚባለው የአልሙኒየም ቅይጥ ዞረ። በ2018 ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ክርክር የወጡ ሰነዶች ግን የኩባንያው የውስጥ ፈተና አይፎን 6 ከቀደመው አይፎን 5ኤስ ይልቅ ለመታጠፍ 3.3 ጊዜ፣ 6 ፕላስ ደግሞ 7.2 ጊዜ የተጋለጠ እንደሆነ ያሳይ እንደነበር ገለጹ።

«ወታደራዊ ደረጃ» ለሚለው ብዙ ቀለም ማባከን አልፈልግም። ሚል ስታንዳርድ 810 የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የፈተና ዘዴዎች ስብስብ ነው። ፈተናውን ኩባንያው ራሱ ይመርጣል፣ ራሱ ማካሄድም ይችላል፤ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹን ብቻ ሠርቶ ስሙን ካርቶኑ ላይ መለጠፍ ይችላል። የሚጠቀሰው የ26 ጊዜ የመጣል ፈተና እንኳ እስከ አምስት ስልኮች ተከፋፍለው እንዲወድቁት ይፈቅዳል።

ውኃው ግን በደንብ መነገር አለበት፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ። ስልኩ ላይ የሚጻፈው የአቧራና የውኃ መቋቋም ደረጃ አይፒ68 ሲባል 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፣ 8ቱ ደግሞ አምራቹ ራሱ በሚወስነው ጥልቀትና ጊዜ ውኃ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። ፈተናው የሚደረገው በንጹሕ፣ በማይንቀሳቀስ ውኃና በአዲስ ስልክ ላይ ነው። ባሕር፣ የዋና ገንዳ ክሎሪን፣ ሳሙና፣ የቧንቧ ግፊት እዚያ ውስጥ የሉም። ውኃውን የሚያግደው ሙጫና ጎማ ነው፤ ሙጫ በሙቀትና በዕድሜ ይለቃል፣ ማዕዘኑ ትንሽ ሲጣመምም ይላቀቃል። በ2020 የጣልያን የውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ አንዱ ምክንያት ውኃ ይቋቋማል እያለ እያስተዋወቀ ውኃ ላበላሸው ስልክ ዋስትና አለመስጠቱ ነበር። በ2022 ደግሞ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት የሳምሰንግን የአገሩን ቅርንጫፍ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ፤ ማስታወቂያዎቹ ስልኩን በገንዳና በባሕር ያሳዩ ነበር፣ እርጥብ እያለ ቻርጅ ቢደረግ ግን የቻርጀር ቀዳዳው በዝገት ሊበላ ይችል ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ አንድ ነው፤ ማስታወቂያውን ካነበብኩ በኋላ የዋስትና ወረቀቱን አነባለሁ። ኩባንያው የተናገረው ሳይሆን ሲቀር ወጪው የእሱ ይሆናል ወይ? «ውኃ ይቋቋማል» ብሎ የውኃ ጉዳት ዋስትናው ውስጥ ከሌለ፣ የገዛ ቃሉን ምን ያህል እንደሚያምን ነግሮሃል። «አይሰበርም» የሚል ስልክ የስክሪን ስብራት በነጻ ሲሸፍን እስካሁን አላጋጠመኝም። በአንጻሩ ባትሪ ላይ ይህን ያህል የመሙላት ዙር ይቆያል ብሎ በዋስትናው ውስጥ ከጻፈ ያ ቃል ክብደት አለው።

ሌላው ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራበት መለያ ነው። እዚያ የሚሸጥ ስማርትፎን ሁሉ በተደጋጋሚ መውደቅን የመቋቋም ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ተጽፎ ይታያል፤ ባትሪው 800 ዙር ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን መያዝ አለበት፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎችም ሽያጩ ከቆመ በኋላ ለ7 ዓመት መገኘት አለባቸው። ፍጹም አይደለም፤ ፈተናውን የሚያስመዘግበው አሁንም አምራቹ ነው። አፕልም የፈተናዎቹ አጻጻፍ ለተለያየ ትርጓሜ የተጋለጠ ነው ብሎ እዚያው መለያ ላይ ያለውን የኃይል ቁጠባ ደረጃውን በፈቃዱ ከኤ ወደ ቢ ዝቅ አድርጓል። ቢሆንም ሁሉም በአንድ ሚዛን ሲለካ ከ«4 እጥፍ» ይሻላል፤ የምትገዛው ሞዴል እዚያም የሚሸጥ ከሆነ ደረጃውን ፈልገህ ማየት ትችላለህ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስልኩን ከወደድከው ግዛው፤ ታይታኒየም ስለሆነ ብቻ ግን አትግዛው። ምርጫ ካለህ ጠርዙ ከታጠፈ ስክሪን ይልቅ ዝርግ የሆነውን ውሰድ፤ የታጠፈው በጎን ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካው መስታወቱ ነው፣ ፕሮቴክተርም በቅጡ አይይዝም። ከከቨርና ከፕሮቴክተር አንዱን ብቻ ምረጥ ብትለኝ ከቨሩን እመርጣለሁ፤ ማዕዘኑ ወፈር ያለ፣ ከንፈሩ ከስክሪኑ ከፍ ያለ ለስላሳ ከቨር። የመውደቁን ኃይል የሚበላው እሱ ነው። ፕሮቴክተሩ ዋና ሥራው ጭረቱን በራሱ ላይ መቀበል ነው፤ ተጭሮ ሲያልቅ ትቀይረዋለህ፣ ዋናው መስታወት እንደ አዲስ ይቆይልሃል። ስልኩ አንዴ ተከፍቶ ከተጠገነ ደግሞ አዲስ ሙጫ ቢደረግለትም ውኃ ይቋቋማል ብለህ አትመካበት።

የተሰበረው ስክሪን አሁንም እጅህ ላይ ካለ ስንጥቁ ከየት እንደተነሣ አይና ጻፍልኝ። ከማዕዘን ከሆነ ነገሩ በከቨር ያልቃል፤ ከመሃል ከሆነ ግን ስልኩን ከምን ጋር አብረህ እንደምትይዘው ማወቅ እፈልጋለሁ።