ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ያለው ስራ

ልጆቼ፣ ባለፈው ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ገና የጥብቅና ፈቃዱን ያወጣ አንድ ልጅ "ጋሼ፣ ደንበኛዬ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላማ ምን ስራ ቀረኝ?" አለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ። ዋናው ስራ እኮ እዛ ጋ ነው ያለው።

በእናንተ እድሜ አንድ አሳ አስጋሪ ልጅ ቆሜለት ነበር፣ በመረብ ተጣልቶ ጓደኛውን የመታ፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ፣ እናቱን የሚያስተዳድር። ዳኛው የቅጣት አስተያየት ሲሉኝ ብድግ ብዬ "ቅጣቱ ይቅለልልኝ" አልኩና ቁጭ አልኩ፣ በቃ። ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ ለጊዜው ሳይፈጸም እንዲቆይለት፣ አልጠየቅኩም፣ በሽማግሌ መታረቃቸውን እንኳ አልተናገርኩም። 8 ወር ታሰረ፣ ሲወጣ መረቡም ታንኳውም ተሸጧል። እናቱ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ "እንደምነህ ልጄ" ይሉኝ ነበር፣ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። 191 ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣቱ ሳይወሰን የሚቆይበት ነው፣ 192 ደግሞ ቅጣቱ ተወስኖ አፈጻጸሙ የሚገደብበት፣ ጠባዩ የሚታይበት የፈተና ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ የጃንሆይ ጊዜው የ1949ኙ ሕግ ላይም ገደብ ነበረ። አንቀጽ 103 ላይ ያለው የግዴታ ስራማ ጭራሽ ተረስቷል፣ ከ1 ቀን እስከ 6 ወር፣ ሰውየው እዛው ስራው ላይ ሆኖ ከገቢው እስከ አንድ ሶስተኛ ለመንግስት ሊቆረጥበት ይችላል፣ ወይ የህዝብ ስራ ላይ ይመደባል። ጣናን እምቦጭ ወርሶት እያየን ለ3 ወር የሚቀጣን ጎረምሳ ታስሮ እንዲቀለብ ስንልከው ያንገበግበኛል።

ዳኛ ግን ያልቀረበለትን ነገር ከየት ያመጣዋል? አሰሪውን አናግሩ፣ ከቀበሌ ወረቀት አምጡ፣ ካሳውን ደግሞ ቀድማችሁ አስከፍሉ ምክንያቱም ገደብ ሲሰጥ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን እንዲክስ ሕጉ ይጠይቃል። ሚስቱን የደበደበ ሰው "ታርቀናል" ብሎ ወረቀት ሲያመጣላችሁ ግን ከልቧ ይሁን ተጭነዋት ሳታረጋግጡ ችሎት ፊት እንዳታቀርቡት፣ እዚህ ላይ አደራ።

ለደንበኛችሁም ገደብ ማለት ነፃ መውጣት እንዳልሆነ ደጋግማችሁ ንገሩት፣ ስንቱ ከችሎት ወጥቶ ቀጥታ ጠጅ ቤት ገብቶ ተደባድቦ የተገደበለት እስራት ተመልሶ መጥቶበታል።

እኔ ከዛ ልጅ በኋላ ፋይል በከፈትኩ ቁጥር ሽፋኑ ላይ "ገደብ?" ብዬ በቀይ እጽፍ ነበር። ቡና ላይ የጠየቀኝ ልጅ ጋም ጠዋት ደወልኩ፣ ቀጠሮው ሐሙስ ነው፣ የደንበኛውን አሰሪ ሊያናግር ባጃጅ ውስጥ ነኝ አለኝ።