አራት ይሁኑ አምስት? ስለ መከላከል አሰላለፍ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መከላከል ናቸው። ጎል የማይገባበት ቡድን ያለ አይመስልም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እንደ 4-4-2 ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባሉ፤ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ።

ከሐዋሳ፣ የሰፈር ቡድን አሰልጣኝ

«የምንጫወተው 4-4-2 ነው። አራቱ ተከላካዮቼ ጠንካሮች ናቸው። ግን ጎል የሚገባብን ሁልጊዜ መሃል ለመሃል ነው። ወደ 5-4-1 ልቀይር?»

ቆይ፣ አትቀይር። መጀመሪያ አንድ ነገር እይልኝ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሷን ተዋትና ሁለት ሰው ብቻ ተከታተል፤ የመሃል ተከላካይህንና ከፊቱ ያለውን አማካይ። ተጋጣሚ ኳስ ሲይዝ በሁለቱ መካከል ስንት እርምጃ አለ? ከ15 እርምጃ በላይ ከሆነ ችግርህን አገኘኸው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አጥቂዎቹ ኳስ ሊነጥቁ ወደ ፊት ይሮጣሉ። አማካዮቹ ይከተሏቸዋል። ተከላካዮቹ ግን ከጀርባቸው ኳስ እንዳይጣልባቸው ፈርተው ወደ በረኛው ይጠጋሉ። መሃሉ ባዶ ይቀራል። አንድ ጎበዝ ልጅ እዚያ ገብቶ ኳስ ተቀብሎ ከዞረ አለቀ። አምስተኛ ተከላካይ ብትጨምር ደግሞ ምን ይሆናል? አምስት ሆነው ይሸሻሉ።

አሪጎ ሳኪ ከ1987 እስከ 1991 ኤሲ ሚላንን ሲያሰለጥን አሰላለፉ ያው ያንተው 4-4-2 ነበር። ልዩነቱ፣ ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከ25 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይፈልግ ነበር። ከተከላካዩ ባሬሲ እስከ አጥቂው ቫን ባስተን ማለት ነው። ሚያዝያ 1989 ሪያል ማድሪድን 5 ለ 0 የረመረመው ይህ ቡድን ነው። እኔ ስለ አሰላለፍ ስጠየቅ ከቁጥሩ በፊት ርቀቱን የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ለልጆችህ ሁለት ምልክት ብቻ ስጣቸው። ተጋጣሚ ኳሱን ወደ ኋላ ከመለሰ ወይም ጀርባውን ከሰጠ ሁሉም ወደ ፊት ይወጣል። ማንም ሳይጫነው ቀና ብሎ ረጅም ኳስ ሊመታ ከተዘጋጀ ሁሉም ወደ ኋላ ይወርዳል። «ሁሉም» ስልህ አጥቂዎቹንም ይጨምራል። ይህን ሁለት ሳምንት ሞክረህ አሁንም መሃል ለመሃል ከገባብህ ያኔ ስለ 5-4-1 እናወራለን።

ከደሴ፣ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ

«ያለን ግማሽ ሜዳና ሁለት ኳስ ነው። ኮን የለንም። በዚህ ሁኔታ መከላከልን እንዴት ላሰልጥን?»

ወንድሜ፣ እንዲያውም መከላከል ከሁሉም ትንሽ ዕቃ የሚፈልገው ሥልጠና ነው።

የልብስ ማስጫ ገመድ ፈልግ። በየስምንት ሜትሩ ቋጠሮ አድርግበት። አራቱን ተከላካዮች ደርድረህ እያንዳንዱ አንድ ቋጠሮ በእጁ ይያዝ፤ ወገባቸው ላይ እንዳታስር፣ ይወድቃሉ። አንተ ከፊታቸው ኳስ ይዘህ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በእርጋታ ሂድ። እነሱም በእርምጃ ብቻ አብረውህ ይሂዱ። ገመዱ ሲላላ ሁለት ልጆች ተጠጋግተዋል ማለት ነው። ሲወጠር አንዱ ቀርቷል። ምንም ማስረዳት አያስፈልግህም፤ እጃቸው ይነግራቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከኳሱ ማዶ ያለው የመስመር ተከላካይ ነው፤ «ኳሱ እኔ ጋ አይደለም» ብሎ ይቆማል።

እርምጃው ሲገባቸው አንድ ነገር ጨምር። ኳሱ ፊት ለፊቱ ያለ ልጅ ሦስት እርምጃ ወጥቶ ይግጠምህ። የቀሩት ሦስቱ ከኋላው ይሰብሰቡ። በዚህ ጊዜ ገመዱ ይታጠፋል፣ መታጠፍም አለበት። አንዱ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ከጀርባው ካልሸፈኑ መውጣቱ ዋጋ የለውም። ከዚያ ገመዱን ጣሉና ያንኑ እየሮጣችሁ ድገሙት።

ለጨዋታ የሚሆን ደግሞ ከሳኪ የተወሰደ አለ። የሚላኖቹ ጉሊትና ቫን ባስተን ይህን ሁሉ ሥልጠና ለምን እንሠራለን ብለው ሲጠይቁት፣ በረኛው ጋሊንና አራቱን ተከላካዮች ብቻ በአሥር ሰው ላይ አሰለፈ። ተከላካዮቹ ታሶቲ፣ ባሬሲ፣ ኮስታኩርታና ማልዲኒ ነበሩ። አሥሩ ጎል ለማግባት 15 ደቂቃ ተሰጣቸው፤ ኳስ ባጡ ቁጥር ከራሳቸው ሜዳ እንደገና ይጀምራሉ። እንደሚተረከው አንድም ጊዜ አላገቡም። አንተ በስድስት አጥቂ ጀምር። ልጆችህ ማልዲኒ አይደሉም።

ኮን ለሌለህ፣ ድንጋይ ለምልክት አታስቀምጥ፣ እግር ይሰብራል። ጃኬት ይሻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እናት

«ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አሰልጣኝ ስለጠፋ ቡድኑን እኔ ያዝኩት። ሰባት ለሰባት ነው የሚጫወቱት። ሁሉም እንደ ንብ ኳሱ ላይ ይሰፍራሉ። ተከላካዮቹን እንዴት ቦታቸው ላይ ላቁማቸው?»

እሜቴ፣ መጀመሪያ ሰው ሲጠፋ ስለተነሱ እግዜር ይስጥልን። ሁለተኛ፣ አያቁሟቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳጥኑ አፍ ላይ ቆሞ ሣር እየነጨ ጨዋታ ከሚያይ፣ ኳስ ላይ ቢሰፍር ይሻለዋል።

በዚህ ዕድሜ አንድ ሐሳብ ብቻ ይበቃል፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ከኋላው ይቆያል። «ማን ነው የሚሄደው?» ብለው ይጠይቋቸው፣ ቅርብ ያለው «እኔ!» ብሎ ይጮኽ። አሰላለፉን 2-3-1 ቢያደርጉት ሁለቱ የኋላ ልጆች ይህንኑ ደጋግመው ይለምዱታል። በየግማሹ ቦታ ያቀያይሯቸው፤ አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተከላካይ ሆኖ አይክረም።

እዚያ ያለውን ደንብም ይጠቀሙበት። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ዕድሜ በረኛው ኳስ በእጁ ሲይዝ ተጋጣሚ ሜዳው ላይ ከተሰመረው ልዩ መስመር ኋላ ይመለሳል። ልጆቹ ሳይጨነቁ ከኋላ መጀመር የሚለማመዱት ያኔ ነው። ቴስታም ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ አይፈቀድም፣ በሥልጠናም ጭምር። አባቶች ከዳር ሆነው «በቴስታ አውጣው!» ሲሉ ከሰሙ ዝም ያሰኙልኝ።

ከጎንደር

«የ13 ዓመት ልጆች ኦፍሳይድ ወጥመድ ማሰልጠን ይቻላል?»

ይቻላል፣ ግን አልመክርህም። ወጥመዱ ተከላካዮች አብረው ወደ ፊት ወጥተው አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ የሚያስቀሩበት ነው። ወጥመዱን የተማሩ ልጆች የሚይዙት አንድ ነገር ነው፤ እጅ አውጥቶ መቆም። የመስመር ዳኛ በሌለበት ሜዳ እጅ ማውጣት ጎል ነው። ደግሞም ከ1990 ጀምሮ ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ እኩል የቆመ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ አይደለም። ለግማሽ እርምጃ መወራረድ የልጅ ሥራ አይደለም። ከላይ ለሐዋሳው አሰልጣኝ ያልኩትን መውጣትና መውረድ አስተምር። ኦፍሳይዱ ከመጣ በምርቃት ይመጣል።

ከአዳማ፣ ሁለት ጠያቂዎች

«ትልልቆቹ ቡድኖች በሦስት የኋላ ተከላካይ እየተጫወቱ ነው። እኛስ?»

የቼልሲው አሰልጣኝ ኮንቴ በ2016 መስከረም ቡድኑ በአርሰናል 3 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ወደ 3-4-3 ዞረና በሊጉ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፣ ዋንጫውንም ወሰደ። ሰው ያየው ሦስቱን ነው። እኔ የማየው ዳርና ዳር የነበሩትን ሞሰስንና አሎንሶን ነው። ቡድኑ ኳስ ሲያጣ ወርደው አምስት ያደርጉታል፣ ሲያገኝ ከአጥቂዎቹ እኩል ይደርሳሉ። 90 ደቂቃ እንዲህ የሚመላለሱ ሁለት ልጆች አሉህ? ካሉህ ሞክረው። ከሌሉህ፣ ሦስት ያልከው በ60ኛው ደቂቃ አምስት ሆኖ ሳጥንህ ውስጥ ተኝቶ ታገኘዋለህ።

ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ

«በኮርነር ጎል ይገባብናል። ሰው ለሰው እንያዝ ወይስ ቦታ እንጠብቅ? ሰው ለሰው ጊዜው አልፎበታል ይላሉ።»

አልፎበታል የሚሉት በ2004ም ይሉ ነበር። የአሰልጣኝ ኦቶ ሬሃግል ግሪክ ግን ሴይታሪዲስና ካፕሲስ አጥቂ እየተከተሉ፣ ዴላስ ከኋላ እየጠረገ ፈረንሳይን፣ ቼክንና ፖርቱጋልን እኩል 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫን በላ። የፍጻሜዋ ጎልም የካሪስቴያስ ቴስታ ነበረች፣ ከኮርነር የመጣች።

ለኮርነር እኔ ቅይጡን እመርጣለሁ። በቴስታ ጎበዝ የሆኑ ሦስት ልጆች ጎሉ ፊት ቦታ ይጠብቁ፤ አንዱ ቅርቡ ቋሚ ጋ፣ ሁለቱ መሃል። የቀሩት የተጋጣሚን ረጃጅሞች ይያዙ። ሰው የሚይዘው ልጅ ሥራው ኳሱን ማውጣት አይደለም፣ ያኛው ሮጦ እንዳይዘል መንገዱ ላይ መገኘት ነው። ሪጎሬ እንዳያስቆጥሩብህ ማልያ መጎተትን ግን አስቁም። አንድ ፈጣን ልጅ ደግሞ ፊት ይቅርልህ፤ ሁለት ተከላካይ ከሳጥንህ ይዞልህ ይወጣል።

ከባህር ዳር፣ የዋልያዎቹ ደጋፊ

«ብሔራዊ ቡድናችን ከኋላ ኳስ እየመሠረተ ዋጋ ከፈለ። ዝም ብሎ ቢከላከል አይሻልም ነበር?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ በመልሱ ግን አልስማማም። በጥር 2022 ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ስንጫወት ገና በጊዜ በቀይ ካርድ አንድ ሰው አጥተን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ካሜሩን 4 ለ 1 አሸነፈችን። ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ያው በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ የሚመራው ቡድን ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ረታ። ሳላህ አልተሰለፈም ነበር፣ ይታወቅ። ቢሆንም ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቡበት ጨዋታ ኳስን ከኋላ የሚጀምር ቡድን መከላከልም እንደሚችል ያሳያል።

ኳስ መመሥረት የመከላከል ተቃራኒ ተደርጎ መታየቱ ነው የማይዋጥልኝ። ጎል የሚያስገባብን ኳሱ በጠፋባት ቅጽበት የነበረው አቋቋም ነው። የመስመር ተከላካዮቻችን ሁለቱም ወጥተው፣ ተከላካይ አማካዩም ቀድሞ ሄዶ ከሆነ፣ አንድ የተነጠቀ ኳስ ከሁለት ሰው ጋር ያፋጥጠናል። አንዱ ሲወጣ ሌላኛው ይቅር፣ አማካዩም ከሁለቱ የመሃል ተከላካዮች ፊት ይቁም። ይህ ደግሞ የሚሠለጠነው ስናጠቃ ነው፤ ብዙ አሰልጣኝ ያኔ ኳሱን ነው የሚያየው።

ከጅማ፣ የተቆጣ አምበል

«አጥቂዎቻችን ወደ ኋላ አይመለሱም። ኮከብ ነን ባዮች ናቸው።»

የኢንተሩን አጥቂ ኤቶን አሳያቸው። በ2010 ኢንተር ባርሴሎና ሜዳ ላይ አማካዩ ቲያጎ ሞታ በቀይ ካርድ ሲወጣበት፣ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ አጥቂዎች አንዱ መስመር ላይ እንደ ተከላካይ ሆኖ ቀረ። ኢንተር 1 ለ 0 ቢሸነፍም በድምር አልፎ የቻምፒየንስ ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ለዕድሜያቸው የራቀባቸው ከሆነ የ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ሞሮኮ አለች። ዚየችና ቡፋል እየወረዱ የመስመር ተከላካዮቻቸውን ያግዙ ነበር። እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ የገባባቸው አንድ ጎል ብቻ ነው፣ እሱንም ራሳቸው ናቸው ያስገቡት።

ይህ ካልሠራ ተጠባባቂ ወንበር አለ። እሱን ግን አሰልጣኙ ይወስን፣ አንተ አትጣላ።

ከሆሳዕና

«ጎል ሳይገባባቸው ሲወጡ ልጆቼን ምን ልሸልማቸው?»

አሰልጣኝ ራኒዬሪ ለእንግሊዙ ሌስተር ልጆች ፒዛ ቃል ገብቶ ነበር። በ2015-16 ሊጉ ሲጀመር ዘጠኝ ጨዋታ በተከታታይ ጎል ገባባቸው። በአሥረኛው ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ፒዛ ቤት ወሰዳቸው፣ ሊጡንም ራሳቸው እንዲጋግሩ አደረገ። በግንቦት ሻምፒዮን ነበሩ።

ፒዛው ኪስ የሚጎዳ ከሆነ ሻይ በቦምቦሊኖ ይበቃል። በረኛውን ብቻ ለይተህ እንዳትጋብዝ። የወረዱት አጥቂዎችም ይብሉ።