«ልጅሽ ልክ አይደለም» አለችኝ መምህርቱ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። መምህርቱ በጠራችኝ ቁጥር «ቀዥቃዣ ነው፣ ቀልቡ የለም፣ አንዳንዴ ደግሞ ፍዝዝ ይላል» ትለኛለች። ባለፈው «ልጅሽ ልክ አይደለም፣ ሐኪም ይየው» አለችኝ። አባቱ ጅቡቲ ነው የሚሠራው፣ ብቻዬን ስለማሳድገው ይሆን? ጎረቤቴ እንቅልፍ የሚያመጣውን የጉንፋን ሽሮፕ ስጪው ብላኝ መስጠት ከጀመርኩ 3 ሳምንት ሆነኝ። የተሻለ መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ። (እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው፤ የሚያስጨንቅዎት ግን «ልጄ አእምሮው ተነክቶ ይሆን? ያበላሸሁትስ እኔ እሆን?» የሚለው ነው። እርስዎ አላበላሹትም። መምህርቱ የጠረጠረችው ኤዲኤችዲ የሚባለውን ከሆነ፣ ትኩረት የመሰብሰብና ራስን የመግታት ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣ። እብደት አይደለም። አባታቸው ማታ ማታ ቤት የሚገባላቸው ልጆችም አለባቸው።

ሽሮፑን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። 3 ሳምንት ሙሉ! ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅዎትም። የጉንፋን ሽሮፕ ልጁን ቀን ላይ ያደነዝዘዋል፣ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል፣ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ልብም ላይ ይደርሳል። ፋርማሲ ስለተሸጠ የልጅ ማስተኛ አይሆንም።

መምህርቱን አልወቅሳትም። 50 እና 60 ልጅ ይዛ የምትውል ሰው ናት፣ የምታየውም ለእኛ ለሐኪሞች በጣም ይጠቅመናል። ግን «ልክ አይደለም» ፍርድ ነው። ያየችውን ይጠይቋት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንቴ ይነሳል? በሒሳብ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ጠዋትም ነው ወይስ ከሰዓት፣ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሲግል? የድሬ ግንቦት ትልቅ ሰውም አያስቀምጥም። ኤዲኤችዲ ለማለት ችግሩ ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው የጀመረ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ትምህርት ቤትም ከዚያ ውጭም የሚታይ መሆን አለበት። ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን፣ ጆሮውንና እንቅልፉን ነው።

አሁን ወደ አንዲት ቃል ልምጣ፤ «ፍዝዝ ይላል»። እርስዎ አልፈዋት ሄዱ፣ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። አንዳንድ ልጅ በመስኮት ወፍ እያየ ይፈዛል፤ ትከሻውን ነካ ሲያደርጉት ይመለሳል። ይሄ ምንም አይደለም። ሌላው ግን እያወራ ወይ እየጻፈ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ዓይኑ እንደፈዘዘ ይቀራል፣ የዓይኑ ቆብ ርግብ ርግብ ይላል፣ ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢነኩትም አይመለስም። ከ10 ወይ ከ15 ሰከንድ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል፣ የሆነውንም አያውቅም። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመጣበት ይችላል። ይሄ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። አዎ፣ የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም! አይወድቅም፣ አረፋ አይደፍቅም፣ ክብሪት ጭሮ ለማሽተት የሚያበቃ ጊዜም የለው። ስለዚህ «ቀልቡ የለም» እየተባለ ዓመት ያልፋል፣ ትምህርቱም በየመሀሉ እየተቆረጠ ያመልጠዋል። አይደንግጡ፤ ጥሩ መድኃኒት አለው፣ ብዙ ልጆችም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ግን የጎረቤት ኪኒን እንዳይሰጡት፤ ለሌላው የሚጥል በሽታ የሚታዘዝ ይሄንኛውን የሚያብስ አለ።

ስለዚህ መምህርቱን ይለምኗት፤ ሲፈዝ ስሙን ትጥራ፣ ትከሻውን ትንካው፣ ተመለሰ አልተመለሰ ትመዝግብ። እርስዎም ቤት እንዲሁ ያድርጉ፤ ከቻሉ በስልክዎ ይቅረጹት። ያንን ይዘው ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ድል ጮራ ይሂዱ፣ በዚህ ሳምንት። «ክረምት ሲመጣ፣ አባቱ ሲመለስ» የሚባል ነገር አልሰማም።

እስከዚያ መምህርቱ ፊት ወንበር ላይ ታስቀምጠው፣ ሥራውን ቆርጣ ቆርጣ ትስጠው። እርስዎም ሲያዙት አንድ ነገር ብቻ፣ ዓይኑን እያዩ። ሲጨርስ እዚያው ያመስግኑት። ዱላ ትኩረት አያመጣም። ማታም ውጭ እየተጫወተ እንዳያመሽ፤ በዚህ ዕድሜ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ኤዲኤችዲ ሆኖ ከተገኘ የራሱ መድኃኒት አለ፤ ያስፈልገዋል አያስፈልገውም የሚለውን የሚወስነው ግን መርምሮ ያየው ሐኪም ነው። አንድ ቀን ከወደቀ ወይ ከተንቀጠቀጠ ግን ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ሰዓት ይውሰዱት።