መክፈያው ይሠራል፣ መሰረዣው ይበላሻል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በየወሩ ከክሬዲት ካርዴ የሚቆርጥ መተግበሪያ አለኝ። ልሰርዘው ስሞክር «ችግር ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ» ይለኛል። ይኸው አራተኛ ወሩ። ክፍያው ግን አንድም ወር ተበላሽቶ አያውቅም። ሆን ብለው ይሆን? ብከሳቸውስ?

መልስ፦ መጠርጠርዎ ተገቢ ነው። ለኩባንያው ብቻ የሚያደላ ብልሽት ሲደጋገም እኔም እጠረጥራለሁ።

ግን ሆን ተብሎ መደረጉን ማስረዳት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጉግል የመንገድ ፎቶ አንሺ መኪኖች ከሰው ቤት ዋይፋይ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሳይቀር ሲለቅሙ እንደነበር ታወቀ። ኩባንያው «በስህተት ነው» አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2012 ያወጣው ሪፖርት ግን ኮዱን የጻፈው መሐንዲስ አስቦበት እንደነበር፣ ለባልደረቦቹም እንደነገራቸው አሳየ። ቅጣቱ 25,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ እሱም ምርመራውን በማደናቀፍ። የመንግሥት መርማሪ እንዲህ ከለፋ፣ እርስዎ ብቻዎን የት ይደርሱታል?

ደግነቱ፣ እዚያ ድረስ መሄድ የለብዎትም። በ2010 የወጣው የፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት እየታደሰ የሚቀጥል ክፍያ የሚሰበስብ ሁሉ ቀላል የማቋረጫ መንገድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የሚጠየቀው መንገዱ መኖሩ ነው፤ የፕሮግራመሩ ሐሳብ አይደለም። በዚህ ሕግ የሚከሰው ግን መንግሥት ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም። የገንዘብ ቅጣት ሲመጣም ኩባንያው ማወቁ ይቆጠራል።

ስለዚህ እንዲያውቁ ያድርጉ። ዛሬውኑ «ሰርዙልኝ፣ ከእንግዲህ እንዳትቆርጡ» ብለው ኢሜይል ይላኩ። ስህተቱ ሲመጣ ቀንና ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪኑን ቪዲዮ ይቅረጹ። ከዚያ በኋላ «አላወቅንም» ማለት አይችሉም። ተነግሮት ያልጠገነውን ብልሽት እኔ እንደ ምርጫ ነው የማየው፤ ዳኛ ፊትም የምከራከረው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ያጣሩ። የተመዘገቡት በስልክዎ የመተግበሪያ መደብር በኩል ከሆነ፣ የሚሰረዘው እዚያው የደንበኝነት ዝርዝር ውስጥ ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ቀጥሎ ባንክዎ። ክሬዲት ካርድ ስለሆነ፣ ክፍያው ያለበት ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ሰጪው በጽሑፍ ይቃወሙ። ስልክ መደወል ብቻውን መብትዎን አያስጠብቅም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜ ሳያልፋቸው አይቀርም፤ የቅርቦቹን ግን አያሳልፉ።

ላለፉት ወራት የሜሪላንድ የአነስተኛ ክስ ችሎት እስከ 5,000 ዶላር ያያል፤ ያለ ጠበቃም ይቻላል። መጀመሪያ የተስማሙበትን ውል ያንብቡ። ብዙዎቹ ወደ ግልግል ዳኝነት ይመራሉ፣ አነስተኛ ክስን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። ለግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም ያመልክቱ። ነፃ ነው፣ ያደራድራሉም። ተመሳሳይ አቤቱታ ሲበዛ ደግሞ እርስዎ የማያገኙትን የኩባንያውን የውስጥ ኢሜይል በሕግ አስገድደው ሊያስወጡ ይችላሉ።