የመንጋጋ ጥርስ ቦዮች፦ ጥያቄና መልስ ለባሕር ዳር የጥርስ ባለሙያዎች

የጥርሱን ቁጥርና ራጁ ላይ የሚታየውን ሳትጽፉ አትጠይቁ። ቦይ የምንለው በጥርስ ሥር ውስጥ ነርቭና ደም ሥር የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 16 ቁጥር (የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያው መንጋጋ) ነው። ሦስቱም ቦዮች እስከ ጫፍ ተሞልተዋል፤ ታካሚዋ ግን ስታኝክ አሁንም ያማታል።

መልስ፦ መጀመሪያ ሙሌቱ ከፍ ብሎ እንዳይሆን ንክሻዋን በካርቦን ወረቀት እይ። እሱ ደህና ከሆነ አራተኛውን ቦይ ፈልግ። ይህን ጥርስ ስትከፍቱ አራት ቦይ አለው ብላችሁ ጀምሩ። በጉንጭ በኩል ያለው የሚዚያል (ወደ ፊት ጥርሶች የሚያደላው) ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ቦይ አለው፤ ኤም ቢ ቱ የምንለው። አፉ ከዋናው ቦይ ወደ ላንቃ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ርቆ፣ ዋናውን ከላንቃው ቦይ ከሚያገናኘው መስመር ትንሽ ወደ ሚዚያል ወጣ ብሎ ይገኛል። የማይታየው የዴንቲን (ከጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ሥር ያለው ጠንካራ ክፍል) ከንፈር ስለሚጋርደው ነው። ከንፈሩን በአልትራሳውንድ ጫፍ በትንሽ በትንሹ አንሱት። የወለሉ ቀለም ከግድግዳው ይጠቁራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ተከተሉ። ወለሉን በረኪና ሞልታችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ ሥጋ የቀረበት ቦታ ቀጭን አረፋ ያወጣል። እዚያ ላይ 8 ወይም 10 ቁጥር ፋይል (ቦይ የሚጠርግ ቀጭን ሽቦ) ጫፉን አጥፋችሁ አስገቡ። ቦዩ መግቢያው ላይ ስለሚታጠፍ ፋይሉን ቀጥ አድርጎ የገፋ ሰው ደረጃ ይሠራና መንገዱን ይዘጋዋል።

ጥያቄ፦ የታችኛው መንጋጋ ስንት ቦይ አለው?

መልስ፦ የትኛው? ቁጥሩን ጻፉ አልኩ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ 36 (የግራ የመጀመሪያው)።

መልስ፦ ከሚዚያል ሥር ሁለት፣ ከዲስታል (ከኋለኛው ሥር) አንድ ወይም ሁለት። የዲስታሉ አፍ ከመሐል ወደ አንድ ጎን ካደላ ሌላውን በተቃራኒው ጎን ፈልግ። በምላስ በኩል ተጨማሪ ሥርም ሊኖር ይችላል። ቀጥ ብሎ የተነሣ ራጅ ይሸፍነዋል፤ የራጁን ቱቦ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ሚዚያል አዙረህ ሁለተኛ አንሣ። በራጁ ላይ ቱቦው ወደ ዞረበት አብሮ የሄደው የምላሱ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ 37 (ከ36 ኋላ ያለው) ላይ ነጥብ ሳይሆን እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ መስመር አየሁ። በስቼው ይሆን?

መልስ፦ ፋይሉ ገና ከመግባቱ አፔክስ ሎኬተሩ (ፋይሉ የሥሩ ጫፍ መድረሱን የሚለካው መሣሪያ) ጫፍ ደርሷል ካለህ በስተሃል። ካላለ የሲ ቅርጽ ቦይ ነው፤ ሥሮቹ ሲጣበቁ የሚመጣ ነው። በመስመሩ መሐል ከ25 ቁጥር የበለጠ ፋይል አታስገባ፤ በምላስ በኩል ግድግዳው ቀጭን ነው። ፋይል የማይደርስበትን በረኪናው ያጥባል፤ በአልትራሳውንድ አነቃንቀው። ለሙሌቱ የሞቀ ጉታ ፐርቻ (ጎማ መሰል የቦይ መሙያ) ይሻላል።

ጣና ዳር (ከተሳታፊዎቹ አንዱ)፦ ከዘጌ በጀልባ ለሚመጣ ሰው ግን ሁሉን በአንድ ቀን መጨረስ ነው እንጂ!

ግሽ ዓባይ (ሌላው ተሳታፊ)፦ መግል እየፈሰሰ? ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ቦይ ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት) አድርገህ መቅጠር ነው።

ጣና ዳር፦ ካልተመለሰስ? ጊዜያዊው ሙሌት ረግፎ ጥርሱ ይሰበራል።

መልስ፦ ይህን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጊዜያዊ ሙሌት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከሳሳ ምራቅ ያስገባል። ያልተገኘ ቦይ ካለ ግን በአንድም ቀን በሁለትም ቀን ብትጨርሱት ጥርሱ ብዙ ጊዜ አይድንም።

ጥያቄ፦ በረኪናው ስንት ፐርሰንት?

መልስ፦ ከ2.5 እስከ 5.25። በእኛ ከተማ ሙቀት መስኮት ላይ የዋለ ይደክማል፤ በጥቁር ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ያለ ራበር ዳም (ጥርሱን ከአፍ የሚለይ የጎማ ሽፋን) አትንኩት። የማጠቢያው መርፌ ከሥሩ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ይጠር፣ ቦዩ ውስጥም አይጣበቅ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛው መንጋጋስ?

መልስ፦ ቅርጹ ቋሚ አይደለም። መጀመሪያ ጥርሱ ለማኘክ ይጠቅመው እንደሆነ እዩ።

ጥያቄ፦ 26 (የላይኛው ግራ የመጀመሪያው) ነው፣ ሦስት ቦይ ሞልቼ አሁንም ያመዋል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። አንብበህ ሠርተህ ካጣኸው የወለሉን ፎቶና ሁለቱን ራጆች ይዘህ ተመለስ።