አማካሪዬ ስለ ሁለታችን ግንኙነት ለምን ትጠይቀኛለች?

ጥያቄ፦ ለወራት በቆየብኝ ጭንቀት ምክንያት፣ ትምህርቷን ገና በማጠናቀቅ ላይ ካለች የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር መገናኘት ጀምሬአለሁ። የጠበቅሁት ጭንቀቱን የማስታግስበትን ዘዴ እንድታሳየኝ ነበር፤ እሷ ግን በሁለታችን መካከል ስላለው ነገር ደጋግማ ታነሳለች። ባለፈው ጊዜ «ብዙ አወራሁ፣ ይቅርታ» ስላት «ያሰለቹኝ መሰለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ሕክምና ነው ወይስ የልምድ ማነስ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን አሠራር ግንኙነትን ማዕከል ያደረገ የሥነ ልቦና ሕክምና የሚባለው ነው፤ አማካሪዎ ሠልጣኝ መሆኗም ጥያቄዋን ስሕተት አያደርገውም። ሰው ከሌሎች ጋር የሚኖርበትን መንገድ ይዞ ወደ ምክር ክፍሉ ስለሚገባ፣ በሥራ ቦታ አለቃውን ላለማስቀየም የሚጨነቅ ሰው አማካሪውንም ላለማስቀየም መጨነቁ አይቀርም። እርስዎ ማንም ሳይወቅስዎ ይቅርታ በጠየቁበት ቅጽበት፣ ጭንቀትዎ በወሬ ሳይሆን በተግባር እዚያው ታይቷል። ጥያቄዋ ያንን ቅጽበት ሳያልፍ ለመያዝ የታሰበ ነው፤ የፈሩት ቅያሜ በእርግጥ መኖር አለመኖሩንም ከራሷ አፍ ለመስማት ዕድል ይሰጥዎታል።

ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዳው፣ በአማካሪና በተገልጋይ መካከል ያለው ጥምረት በሦስት ነገሮች ይቆማል፤ እነሱም በግቡ መስማማት፣ ወደ ግቡ በሚያደርሰው ሥራ መስማማት እና መተማመን ናቸው። በእኔ ግምት የጎደላችሁ ሁለተኛው ነው። እርስዎ ዘዴ ይጠብቃሉ፣ እሷ ግንኙነቱን ትመረምራለች፤ ምክንያቱን ግን የነገረችዎ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 295 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ጥምረቱ ሲጠነክር የሕክምናው ውጤትም የተሻለ እንደሚሆን ቢያሳይም፣ የጥምረቱና የውጤቱ ተያያዥነት መካከለኛ በመሆኑ ጥሩ ግንኙነት ብቻውን ሁሉን ይፈውሳል ማለት አይደለም። በተለይ ድንገተኛ የፍርሃት መናጥ ወይም ከሚፈሩት ነገር መሸሽ ካለ፣ ፍርሃቱን ደረጃ በደረጃ መጋፈጥን የሚያለማምድ ሕክምና መጨመር ይኖርበታል። የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ጭንቀት ስለሚያመጣ፣ እስካሁን ካልተመረመሩ ሐኪም ይይዎት።

ሠልጣኝ አማካሪ የምትሠራው በአንድ ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር ነው። ተቆጣጣሪዋ ማን እንደሆነ፣ ስለ እርስዎ ምን እንደምታካፍለው፣ ድምፅ የሚቀረጽ ከሆነም ማን እንደሚሰማው መጠየቅ መብትዎ ነው። ስለ ግንኙነታችሁ መነጋገር ወዳጅነት መመሥረት አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ የራሷን ችግር የምታዋይዎ ወይም ከቀጠሮ ውጭ መገናኘትን የምትፈልግ ከሆነ ድንበር ታልፏልና ለተቆጣጣሪዋ ያሳውቁ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ለእኔ የጻፉልኝን ጥያቄ ለራሷ ያቅርቡላት፤ «ይህ ጭንቀቴን እንዴት ይረዳል?» ይበሏት። ሳትከላከል ሰምታ ካስረዳችዎ እና ዘዴውንም ለመጨመር ከተስማማች ይቀጥሉ፤ ቅሬታዎን ራሱን እንደ ሕመም ምልክት ብቻ ቆጥራ ካለፈችው ግን ሌላ አማካሪ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ።